ለትንሽ ስቱዲዮ ሳብዉፈር ብክነት ነው ላልከው ወንድሜ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ ጽሑፍ ላከልኝ። ከሥሩ "ይሄን አይተህ ዝም ትላለህ?" ብሎ ጨምሮበታል። ቤታቸው ውስጥ ሙዚቃ ለሚያቀናብሩ ልጆች የተጻፈ ምክር ነው። ሐሳቡ አጭር ነው፤ ክፍልህ ትንሽ ከሆነ ሳብዉፈር (ዝቅተኛውን ድምፅ፣ ቤዙን ብቻ የሚያወጣ ስፒከር፤ ባጭሩ ሳብ) አትግዛ። ለዚህም ሰባት ምክንያት ተደርድሯል። ቤዝ በትንሽ ክፍል ውስጥ አይፈጠርም። አንድ ሳብ ስቴሪዮውን ያበላሻል። በሱ ፋንታ ትልቅ ሞኒተር (የስቱዲዮ ስፒከር) መግዛት ይሻላል። ጥሩ ሄድፎን ካለህ ይበቃሃል። አድማጩ የሚሰማው በስልክ ነው። መጀመሪያ ግድግዳህን ስፖንጅና የእንቁላል ካርቶን አልብስ። በመጨረሻም ጎረቤት ያባርርሃል።

ዝም ማለት አልቻልኩም። ጸሐፊውን በአካል አላውቀውም፤ ግን የሙያ ወንድሜ ስለሆነ "አንተ" ብለው ቅር እንደማይለው ተስፋ አለኝ።

እኔ የምሠራው ባሕር ዳር ነው። ቀበሌ 14 አካባቢ፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለች ሰርቪስ ክፍል። ስፋቷ 3 ሜትር፣ ርዝመቷ 4 ሜትር፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ 2.6 ሜትር። ግድግዳዋ ብሎኬት፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ድምፃዊ መቅዳት አይታሰብም፤ ያን ጊዜ ሻይ እንጠጣለን። ሳብ ከገዛሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። የመጀመሪያው ዓመት ሙሉ በሙሉ ስህተት ነበር፣ እሱን አልደብቅህም። እንደውም የዚያን ጊዜ ብትጠይቀኝ ያንተን ጽሑፍ እኔ ራሴ እጽፈው ነበር።

በመጀመሪያው ምክንያትህ ልጀምር፤ ትልቁም እሱ ነው። 40 ኸርዝ ያለው (በሴኮንድ 40 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ) ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 8 ሜትር ከግማሽ ስለሚሆን 4 ሜትር ክፍል ውስጥ "አይገባም"፣ ስለዚህ አይሰማም ብለሃል። ቁጥሩ ልክ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ለ40 ስታካፍለው 8.6 ይመጣል። ድምዳሜው ግን ልክ አይደለም። ሄድፎንህን አስበው። በጆሮህና በስፒከሩ መካከል ያለው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ነው፣ 40 ኸርዝ ግን ቁልጭ ብሎ ይሰማሃል። ባጃጅስ? ከኋላ ወንበሩ ሥር ሳብ የገጠመ የባጃጅ ሹፌር አጋጥሞህ አያውቅም? እኛ ሰፈር አንድ አለ፤ ሳይታይ በፊት መምጣቱን ጥርስህ ያውቃል። ባጃጅ ውስጥ 8 ሜትር የት አለ? ጆሮ የሚሰማው የአየር ግፊት ሲጨምርና ሲቀንስ ነው። የሞገዱን ርዝመት በሜትር አይለካም።

ትንሽ ክፍል የሚያመጣው ችግር ሌላ ነው፤ እሱን ሳትጠቅሰው ማለፍህ ነው የቆጨኝ። ድምፁ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ሲመላለስ የተወሰኑ ኖታዎች ላይ ራሱን ይደራርባል። ስሌቱ ቀላል ነው። 343ን ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ አካፍል። የኔ ክፍል 4 ሜትር ነው፣ ለ8 ሳካፍል 43 ኸርዝ። በ3 ሜትሩ 57። በከፍታው 66። እነዚህ ድምፆች ግድግዳው አጠገብ ያብጣሉ፣ መሃል ላይ ይጠፋሉ። የሚጠፉት ከሳቡ ወይም ከስፒከሩ አይደለም። አንተ የተቀመጥክበት ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚጠፉት።

አሁን የኔን ጉድ ስማ። ሳቡን እንደገዛሁ ጥግ ላይ አስቀመጥኩት። ለምን? ባዶ ቦታ የነበረው እሱ ብቻ ስለነበረ። ወንበሬ ደግሞ ልክ የክፍሉ መሃል ላይ ነበር፤ ከፊት ሁለት ሜትር፣ ከኋላ ሁለት ሜትር። በዚያ ወቅት ለአንድ ሠርግ ዘፈን እያቀናበርኩ ነበር፣ ቁልፉ ኤፍ። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ኤፍ 43.65 ኸርዝ ነው። ልብ አልክ? ክፍሌ መሃል ላይ ድራሹን የሚያጠፋው ኖታ ማለት ነው። ቁጭ ብዬ ስሰማ ቤዙ ቤቱ (ኤፉ) ጋር ሲደርስ ይጠፋል። ጨመርኩት። አሁንም ጠፋ። ሳቡንም ጨመርኩ፣ ቤዙንም ጨመርኩ፣ ለልጁም "ቤዝህ አልገባም፣ ደግመን እንቅዳ" አልኩት። ምስኪን ሦስት ጊዜ ቀዳ።

የሠርጉ ቀን ድንኳኑ ውስጥ ዘፈኑ ሲከፈት ድምፃዊዋ ከቤዙ ሥር ተቀብራለች። ዲጄው ዕቃው የተበላሸ መስሎት ሚክሰሩ ላይ አጎነበሰ። እኔ ጠጄን ይዤ ወደ ውጭ። ያን ዕለት ማታ "ይሄ ሳብ ጉድ ሠራኝ" ብዬ ልሸጠው ነበር።

መፍትሔው ምን ሆነ መሰለህ? ወንበሬን ግማሽ ሜትር ወደፊት ገፋሁት። በቃ። ከፊተኛው ግድግዳ አንድ ሜትር ከግማሽ ላይ ስቀመጥ ኤፉ ከሞት ተነሣ። ብዙ ሰው የሚጠቀምባት ልማድ አለች፤ ከፊት ግድግዳ ከክፍሉ ርዝመት 38 በመቶ ያህል ላይ ተቀመጥ ይላሉ። የኔ 4 ሜትር ላይ 1.52 ይመጣል። ሕግ አይደለችም፤ መነሻ ናት። ከዚያ እያዳመጥክ አሥር አሥር ሴንቲ ሜትር ትገፋለህ። ሠንጠረዥም መሣሪያም አያስፈልግህም። ኪቦርድህ ላይ ለስለስ ያለ ተራ ድምፅ ክፈት። ከቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ኢ ጀምረህ ቁልፍ በቁልፍ፣ በእኩል ጉልበት፣ ወደ ላይ ሁለት ኦክታቭ ውጣ። የትኛው ኖታ እንደሚዘል፣ የትኛው እንደሚጠፋ በአሥር ደቂቃ ታውቃለህ። ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ የመለኪያ ማይክ ካገኘህ ደግሞ በሥዕል ያሳይሃል። ግን ጆሮና ኪቦርድ መጀመሪያ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኢኪው (የመረጥከውን የድምፅ ክፍል ከፍና ዝቅ ማድረጊያው) ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሁሉን አያድንም። ያበጠ ኖታ ትቀንስበታለህ፣ ይሠራል። የጠፋውን ግን በኢኪው ብትጨምር ስፒከሩን ታደክማለህ እንጂ ኖታው አይመለስም፤ የጨመርከውን ያህል ግድግዳው መልሶ ይሰርዝብሃል። ቦታ መቀየር ነው ያለህ።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ እዚህ ላይ አልቆይም። አንድ ሳብ ስቴሪዮ ያበላሻል አልክ። ከ80 ኸርዝ በታች የሆነ ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ጆሮ ለመለየት ይቸገራል። የቤት ውስጥ ሲኒማ ዕቃዎችም ክሮስኦቨራቸው (ድምፁ ለሳቡና ለሌሎቹ ስፒከሮች የሚከፈልበት ቁጥር) ብዙ ጊዜ 80 ላይ የሚደረገው ለዚህ ነው። ድምፁ ከሳቡ እየመጣ እንደሆነ ለይተህ የምትሰማ ከሆነ ወይ ክሮስኦቨርህ 120 ላይ ነው፣ ወይ ሳቡ አጠገብ የሚንቀጠቀጥ ነገር አለ። የኔ ጊታር መያዣው ነበር። ደግሞስ ኪክና (በእግር የሚመታው የድራሙ ትልቅ ከበሮ) ቤዝ አንተም እኔም መሃል ላይ አይደል የምናስቀምጠው?

ሦስተኛው ትንሽ ያነጋግራል። አምስት ኢንች ሞኒተርና ሳብ ከምትገዛ ስምንት ኢንች ሞኒተር ግዛ ብለሃል። ሲሰሙት ትክክል ይመስላል፤ እኔም ለጓደኛዬ እንደዚያ መክሬው አውቃለሁ። ያማሃን እንውሰድ፣ ብዙ ሰው ጋ ስላለ። ኤችኤስ 5 የሚባለው ወደ 54 ኸርዝ ይወርዳል፣ ኤችኤስ 8 ወደ 38። ያውም ሁለቱም ቁጥር ድምፁ በ10 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ከቀነሰ በኋላ ያለው ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ ስምንት ኢንቹ አሸነፈ።

ግን ሞኒተር የሚቀመጠው ለስቴሪዮ ብለህ ነው። ሁለቱ ስፒከርና ጭንቅላትህ እኩል ሦስት ማዕዘን መሥራት አለባቸው፣ ትዊተሩ (ላይኛውን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) በጆሮህ ልክ መሆን አለበት፣ ጠረጴዛው አለ፣ መስኮቱ አለ። ቤዙ ከዚያው ቦታ እንዲወጣ ተገደደ ማለት ነው። ለቤዝ ያ ቦታ መጥፎ ቢሆንስ? ምርጫ የለህም። ለምሳሌ ስፒከሩ ከጀርባው ግድግዳ አንድ ሜትር ቢርቅ ከግድግዳው ተመትቶ የሚመለሰው ድምፅ 86 ኸርዝ አካባቢ ከቀጥተኛው ጋር ይጣላና ጉድጓድ ይፈጥራል። 86 ኸርዝ ደግሞ የኪክ ሆድ ያለበት አካባቢ ነው። ሳብ ሲሆን ግድግዳው ላይ አስጠግተህ ታስቀምጠዋለህ። ርቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጉድጓዱ ወደ 286 ኸርዝ ይሸሻል፤ ሳቡ ደግሞ እዚያ ድረስ ስለማይጫወት አይመለከተውም። ይሄ ነው የሳብ ትልቁ ጥቅም ለኔ። ድምፅ ስለሚጨምር አይደለም የገዛሁት። ቤዙን ለብቻው ይዤ ክፍሉ ውስጥ ማዞር ስለምችል ነው።

ሌላም አለ። ትንሿ ሞኒተር 45 ኸርዝ ለማውጣት ስትታገል ኮኗ (ድምፁን የሚያወጣው ተንቀሳቃሽ ፊቷ) ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ በዚያው ኮን ላይ ያለው የድምፃዊው መሃለኛ ድምፅ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ከ80 በታች ያለውን ለሳቡ ስትሰጥላት ድምፃዊው ይጠራል። መጀመሪያ የገረመኝ ቤዙ አልነበረም፤ የዋሽንቱ ትንፋሽ ነበር። ይሄ የሚሆነው ግን ሞኒተሮቹን በሳቡ ውስጥ አሳልፈህ ታችኛውን ስትቆርጥላቸው ነው። ከሳውንድ ካርዱ ለሁለቱም በቀጥታ ሙሉውን ከላክህ ሁለት ሰው አንድ ሥራ እየሠራ ይገፋፋል።

ሳቡን የት እንደምታስቀምጥ ለማወቅ የሚያስቅ ግን የሚሠራ ዘዴ አለ። ሳቡን አንሥተህ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀምጠው። የምታውቀውን የቤዝ መስመር አጫውት። ከዚያ ወለሉ ላይ በእጅና በጉልበት እየዳህክ ጆሮህን ሳቡ ሊቀመጥ በሚችልበት ከፍታ አድርገህ አዳምጥ። ሁሉም ኖታ እኩል የሚሰማበት ቦታ ስታገኝ ሳቡን እዚያ አድርገው። እኔ ስድህ አከራዬ በመስኮት አይተውኝ "ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?" አሉኝ። "ኤፍ" ብል ማን ይሰማኛል፤ "ሳንቲም" አልኳቸው። የኔ ሳብ በመጨረሻ ያረፈው ፊተኛው ግድግዳ ሥር፣ ከመሃል ትንሽ ወደ ግራ ነው። ጥጉ ላይ ሳለ ሁሉንም የክፍሉን ጩኸት አንድ ላይ ነበር የሚቀሰቅሰው፤ ወደ መሃል ሲመጣ የ57ቷ ኸርዝ ጉልበት ረገበ።

ሳቡ ላይ ፌዝ (phase) የሚለውን ማብሪያም አትፍራ፤ የሳቡን ንዝረት ከሞኒተሩ ጋር ማስማሚያ ነው። ኪቦርድህ ላይ ከዝቅተኛው ኢ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለውን ኢ ያዝ። እሱ 82 ኸርዝ ነው፤ ሳቡና ሞኒተሩ የሚጨባበጡበት አካባቢ። ማብሪያውን ከዜሮ ወደ 180 አንድ ጊዜ ቀይር። ጎልቶ የተሰማበት ላይ ተወው። ሌላ ፍልስፍና የለውም።

አራተኛው ሄድፎን ነው። እዚህ ግማሹን እስማማለሁ። ሄድፎን ክፍል የለውም፤ ስለዚህ የኔን የኤፍ ጉድ አያመጣብህም። ሌሊት የምሠራው በሱ ነው። ገና ጀማሪ ከሆንክ፣ ሳውንድ ካርድህ ደካማ ከሆነ፣ ማይክህን ተውሰህ የምትቀዳ ከሆነ፣ ሳብ አትግዛ፣ ሄድፎን ግዛ። በዚህ አንድ ቃል አልከራከርም።

ግን "ይበቃል" ስትል ቆም በል። ሄድፎንም የራሱ ጠባይ አለው። ብዙ ሰው የሚያመሰግነው ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ከ50 ኸርዝ በታች እየሳሳ ነው የሚሄደው። ዝግ ከሆኑት ብዙዎቹ ደግሞ ቤዙን ያሞግሱታል። የትኛውን አምነህ ነው ኪኩን የምትወስነው? ከበሮም አለ። ትልቁን ከበሮ በሄድፎን ስትሰማው የእጁን ጥፊ ትሰማለህ፤ ሆዱ ግን ደረትህን አይነካም። ችክችካ ላይ እግር የሚያነሣው ሆዱ ነው። በሄድፎን ብቻ ስሠራ ከበሮው ሁልጊዜ ይበዛብኝ ነበር፤ ደረቴ ያላገኘውን ጆሮዬ እንዲያካክስ እያልኩ።

አምስተኛው ምክንያትህ ነው ያናደደኝ። አድማጭ በስልክ ነው የሚሰማው፣ ስለዚህ ከ60 በታች ያለው ለማንም አይጠቅምም አልክ። እንግዲህ ና ባሕር ዳር ላይ አንድ ቅዳሜ አብረን እንዋል። ጠዋት ሐይቁ ዳር ሻይ ቤት በስልክ ይሰማል፣ እሺ። ከዚያ ባጃጅ። ከዚያ የጎንደር መንገድ ሚኒባስ፣ ከኋላ ወንበሩ ሥር ሳጥን የሚያክል ሳብ ያለው። ከሰዓት ሠርግ፣ ድንኳን፣ የዲጄው ባለ 18 ኢንች ሁለት ሳጥን። ማታ ጭፈራ ቤት። ዘፈንህ በአንድ ቀን አምስት ቦታ ተሰማ፤ በሦስት አራቱ ያ ለማንም አይጠቅምም ያልከው ነገር መሃል ላይ ቆሟል። አንተ ያልሰማኸውን ዲጄው ነው ለሰው የሚያሰማልህ።

ስልኩም ቢሆን ነገሩ እንዳልከው አይደለም። የስልክ ስፒከር ከጥቂት መቶ ኸርዝ በታች ምንም ያህል አያወጣም። ሆኖም የቤዝ መስመሩን ትከተለዋለህ። ለምን? ከኖታው በላይ ያሉትን ድርብርብ ድምፆች ሲሰማ አእምሮ የጎደለውን መሠረት ራሱ ስለሚሞላ ነው። ስለዚህ ለስልክ የሚሠራ ቤዝ ላይኛው ድርብርቡ በደንብ የወጣ ቤዝ ነው፤ ትንሽ ሳቹሬሽን (ድምፁን በመጠኑ የሚያሻክር ኢፌክት) ስትጨምርበት የሚመጣው ነገር። ግን ሳቹሬሽኑን ስትጨምር ታችኛው ምን እንደሆነ ካልሰማህ ለስልክ ስትል ለድንኳኑ ጭቃ ትልካለህ።

ማንም የማያወራው ሌላ ነገር አለ። ከ40 በታች የሚደበቅ ቆሻሻ። ድምፃዊው "ፐ" ሲል የሚነፋው ትንፋሽ፣ የማይክ ማቆሚያውን በእግር ሲነካ የሚመጣው ጉም የሚል ድምፅ፣ ከውጭ የሚያልፍ የጭነት መኪና። በአምስት ኢንች አይሰማህም። ግን ፋይሉ ውስጥ አለ፣ ጉልበትም ይበላል። ማስተሪንግ (የመጨረሻው ማጠናቀቂያ) ላይ ሊሚተሩ (ድምፁ ከልክ እንዳያልፍ የሚይዘው) በማትሰማው ነገር እየተመታ ዘፈኑን በሙሉ ይጫነዋል፣ አንተ "ለምን ሌላው ዘፈን ከኔ ይጮሃል?" ትላለህ። ባለፈው ዓመት አንድ የበገና መዝሙር ቀዳሁ። በገና አሥሩ አውታሮቹ ከእንዚራው (ከአውታሩ ሥር ካለው የቆዳ ቁራጭ) ጋር ሲነካኩ የሚሰጡት ያ ንዝረት የሚሰማው መሃል ላይ ነው፤ በማንኛውም ስፒከር ይወጣል። በሳቡ ሳዳምጠው ግን ከሥር ድብ... ድብ... የሚል ነገር አለ። በገና ደርዳሪው ጉልበቱ ላይ አስደግፎት ሲተነፍስ በገናው ማይክ ማቆሚያውን እየነካ ነበር። አምስት ደቂቃ የፈጀ ቅጂ ነው። በሄድፎንም ሰምቼው ልብ አላልኩትም።

ስድስተኛው፣ ስፖንጅና የእንቁላል ካርቶን። ወንድሜ፣ እባክህ። የእንቁላል ካርቶን እንቁላል ይይዛል። ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ደግሞ በረሮ ይይዛል፤ ታና ዳር ባለው እርጥበት ሻጋታም ይጨምርበታል። ለድምፅ የሚያደርገው ነገር ካለም ከላይኛው ድምፅ ላይ ጥቂት ነው። ሦስት ሴንቲ ሜትር ስፖንጅም እንደዚያው። ሰው ግድግዳውን ሁሉ ስፖንጅ ያለብስና ክፍሉ ይታፈናል፤ የሰው ድምፅ ደረቀ፣ ቤዙ ግን እንደ በፊቱ እየጮኸ ነው። እንደውም ከላይ ያለው ስለጠፋ የበለጠ ጎልቶ። የ43 ኸርዝ ሩብ ሞገድ ሁለት ሜትር ነው። ሁለት ሜትር ውፍረት ማንም አይሠራም፣ እውነት ነው፤ ግን ከሦስት ሴንቲ ሜትር ጋር ስታወዳድረው ለምን ወፍራም ነገር እንደሚያስፈልግ ይገባሃል።

የሚሠራው ጥጎቹን መሙላት ነው። ሮክዉል (ከድንጋይ የሚሠራ ጥጥ መሰል ነገር) ካገኘህ ጥሩ። እኔ ያደረግኩትን ልንገርህ፤ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ሄጄ የሚጥሉትን ቁርጥራጭ ጨርቅ ለመንኩ። አምስት ጆንያ ሞላሁ፣ ሳልጠቀጥቅ፣ ላላ አድርጌ። ሁለቱ የኋላ ጥጎች ላይ ከወለል እስከ ኮርኒስ ደረደርኩት፣ ፊቱን በነጠላ ሸፈንኩት። የሚያምር አይደለም። ቤዝ የሚቀዳው ልጅ "እህል ንግድ ጀመርክ እንዴ?" ብሎኛል። ግን ያ የሚንጠለጠለው የኖታ ጅራት አጠረ።

እግረ መንገዴን፤ የኛ ቤት ለስቱዲዮ አይሆንም ያልከውም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ጓደኛዬ ጭቃ ቤት ውስጥ ይሠራል፣ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ቤዙ ከኔ ብሎኬት በጣም የተሻለ ነው! ብሎኬትና ኮንክሪት ቤዙን መትቶ ይመልሰዋል። ስስ ኮርኒስ ግን አብሮ ይነቃነቃል፣ የቀረውን ያሳልፈዋል። ወጥቶ የሄደ ቤዝ ተመልሶ አይደራረብም። ችግሩ ወጥቶ የት እንደሚሄድ ነው፤ እሱን ወደ ታች እናወራለን።

ከዚያ በፊት ግን አንተ ያልጠቀስከው አንድ ነገር። ሰው ሳብ ገዝቶ በመጀመሪያው ማታ የሚያማርርበት ነገር "እምምም" የሚል ድምፅ ነው። እኔም ዕቃው ተበላሽቶ የመጣ መስሎኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። አምስት ኢንች ሞኒተር 50ን ብዙም ስለማያወጣው ሁምታው ድሮም ነበረ፣ አልሰማኸውም እንጂ። ሳብ ደግሞ 50ን ለማውጣት የተሠራ ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ላፕቶፑ ከአንዱ ሶኬት፣ ሳቡ ከሌላው መሰካቱ ነው። ሁሉንም ወደ አንድ ማከፋፈያ ስታመጣና ባለ ሦስት መስመር (ባላንስድ) የድምፅ ኬብል ስትጠቀም ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። የኔ በዚያው ጠፋ። አንዳንዶች የመሬቱን ሽቦ ቁረጠው ይሉሃል። አትቁረጥ። ሁምታው ይጠፋል፤ አንድ ቀን አንተም ልትጠፋ ትችላለህ። መብራት ሲሄድና ሲመጣ ደግሞ ሳቡን አጥፍተህ ጠብቅ፤ ሲመለስ ያለው ምት ለዕቃው ጥሩ አይደለም።

ዋጋውን አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት በሳምንቱ ያረጃል። የኔ ከውጭ በሰው ሻንጣ ነው የመጣው፤ ከ12 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ያመጣልኝ ዘመዴ እስከ ዛሬ ይወቅሰኛል።

አሁን ጎረቤት። በዚህ በሰባተኛው ልክ ነህ፤ ግን "ስለዚህ አትግዛ" አያስብልም። ግድግዳ ቤዝን ለማቆም ደካማ ነው። በጥቅሉ ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ሲወርድ (ኸርዙ በግማሽ ሲቀንስ) ግድግዳው የሚያቆመው በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ከ500 ኸርዝ ወደ 50 ስትወርድ 20 ዴሲቤል ያህል አጣህ ማለት ነው። ስለዚህ ጎረቤትህ ዘፈኑን አይሰማም፤ ዱም ዱሙን ብቻ ነው የሚሰማው፤ ያ ደግሞ ከዘፈኑም በላይ ያሰለቻል። ሳቡ ሥር የመኪና ጎማ ቁራጭ አድርጌያለሁ። የወለሉን ንቅናቄ ይቀንሳል፣ በአየር የሚሄደውን ግን አያቆምም። ያቆማል የሚልህን አትመን።

የሚሠራው ዝቅ አድርጎ መሥራት ነው። እኔ የምሠራው ቁጭ ብሎ ያለ ሰው ድምፁን ሳያነሣ ማውራት በሚችልበት መጠን ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሰዎች በ1933 እንዳሳዩት ድምፅ ሲቀንስ ጆሮ ቤዙን ከሌላው የበለጠ ያጣዋል። ዝቅ አድርገህ ስትሠራ ቤዝ የጎደለ ይመስልሃል፣ ትጨምራለህ፣ ድንኳኑ ይፈነዳል። ስለዚህ በየቀኑ ለአንድ ዘፈን ያህል ብቻ ከፍ አድርጌ አረጋግጣለሁ፣ ያውም ከሰዓት፣ ግቢው ሥራ ላይ ሲሆን። በደንብ የማውቃቸውን የሌሎች ሰዎች ዘፈኖችም አብሬ አጫውታለሁ። የሳቡ ቁልፍ ላይ በነጭ ፕላስተር ምልክት አድርጌበታለሁ፤ ደስ ባለኝ ቀን እንዳላነሣው።

ከአከራዬ ጋር የተጣላነው ግን በሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን እትዬ በሩን ቆረቆሩ። "አንተ ልጅ፣ ብርጭቆዎቼን ምን አድርገሃቸው ነው የሚጨፍሩት?" አሉኝ። ሄድኩ። ሳሎናቸው ከኔ ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል፣ ቡፌው ልክ እዚያ ግድግዳ ላይ ነው የተጠጋው። ስልካቸውን ይዘው ቡፌው አጠገብ ቆሙ። እኔ ክፍሌ ገብቼ ኪቦርዱ ላይ ኖታ በኖታ ወጣሁ። ከዝቅተኛው ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ... ምንም። ቢ ላይ፣ 62 ኸርዝ አካባቢ፣ በስልክ "ኧረ ይሄ ነው! ይሄው ይሄው!" እያሉ ጮኹ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደሳቸው የሚያስተማምን የመለኪያ ማይክ አላገኘሁም። ቡፌውን አራት ጣት ያህል ከግድግዳው አራቅነው፣ ከብርጭቆዎቹ ሥር ጨርቅ አነጠፍን። ጨርቁም ከዚያው ከጆንያዬ ነው የመጣው። አሁን የቀረን ስምምነት አንድ ብቻ ነው፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሄድፎን።